ነጩ ሰሌዳ፦ ከኮንሶ ቆላ እስከ እንጦጦ

«ካርታው ላይ አረንጓዴ ናችሁ» አለኝ ሰውየው ፊት ለፊቴ። «አረንጓዴ ለሆነ ቀበሌ እህል አልጽፍም። ካልጣመሽ ሄደሽ ከሰማይ ጋር ተከራከሪ።»

የዕርዳታ እህል የሚደለደልበት ቢሮ ውስጥ ቆሜ ነበር፤ ቁጭ በይ ያለኝ የለም። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ካርታ ሳተላይት ከላይ ካነሳችው ፎቶ የተሠራ ነው። የደረቀው አገር ቡናማ፣ የለመለመው አረንጓዴ ተቀብቷል። የእኛ ቀበሌ እንደ ጎመን መደብ ለምልሞ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ በዚያው ጠዋት ከአባቴ እርከን ላይ የማሽላ አገዳ ነቅዬ፣ መዳፌ ውስጥ ደቅቆ እንደ ትምባሆ ሲበተን አይቼ ነው የመጣሁት። ዝናቡ ሁለት ወቅት ዘሎናል። በሬዎቻችን ተሸጠዋል፤ ታናናሾቼ ትምህርት አቁመዋል።

«አንድ ቀን መጥተው ይዩት» አልኩት።

«ነዳጅ የለም» አለኝ። «የሚመጣው ቅዳሜ ዝርዝሩ ይዘጋል።»

ማታ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ፊዚክስ ያስተማረኝ መምህር፣ ድሮ ያስተማራት ሰናይት የምትባል ልጅ አሁን አዲስ አበባ እንጦጦ ላይ ከሳተላይት ሰዎች ጋር እንደምትሠራ ነግሮ ስልኳን ሰጠ። ማን ይሂድ ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለጨረስኩ ብቻ አይደለም። «የዚች ልጅ አፍ ሰው አይፈራም» አሉ፤ ሲያሞግሱኝ ይሁን ሲሰድቡኝ አልለየሁትም። ማስረጃ ይሁንሽ ብለው ደረቅ አፈርና የደረቀ አገዳ በከረጢት አስያዙኝ። ይህን የምጽፈው ለእነሱና አዲስ አበባን ለማታዩት ለእናንተ ለቀበሌያችን ሰዎች ነው። ሳታጣፍጪ ጻፊ ብላችሁኛል።

እሑድ

ገና ሳይነጋ ወጣሁ። የአውቶቡሱ ረዳት ከረጢቴን አንስቶ «ምንድን ነው?» አለኝ። «አፈር» ስለው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ከፍቶ ሲያይ ግን መሳቁን ተወና ወደ ጣሪያው ወረወረው። «አፈር ወንበር አይዝም» አለ።

እስከ አርባ ምንጭ ድረስ በመስኮት የማየው የእኛኑ የመሰለ አገር ነው፤ ነጭ አቧራና ጎድኑ የሚቆጠር ከብት። ከዚያ በኋላ ሙዙ መጣ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ቅጠሉን እያዩ «ውሃ ያለው ሰው ሌላ ፍጡር ነው» አሉ። ወላይታ ሶዶ ልንገባ ስንል ዝናብ ወረደ። ሁለት ወቅት የጠበቅነው ዝናብ ዱብ ዱብ እያለ ጣሪያው ላይ ያለውን ድርቃችንን አበሰበሰው። ወርጄ ከረጢቱን ስቀበል ጭቃ ይንጠባጠብ ነበር። አገዳው ለስልሶ ዛሬ የተቆረጠ ይመስላል።

ያደርኩበት አልጋ ቤት ባለቤት ወፍራም፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ ይሄን አፈር ለማን ነው የምትወስጂው?»

«ለመንግሥት።»

«መንግሥት አፈር አጣ?»

ነገሩን ስነግራቸው ትልቅ ትሪ አመጡ። አፈሩን ዘርግተው ከከሰል ምድጃው አጠገብ አስቀመጡት፤ ራታቸውን እስኪበሉ በማንኪያ ያገላብጡት ነበር። ጠዋት ደርቆ አገኘሁት፤ ግን አመድና የሽንኩርት ልጣጭ ገብቶበታል። መሬታችን መሆኑን እኔ ራሴ መማል አልችልም ነበር። የአልጋውን ቀንሰውልኝ ዳቦ ጠቅልለው ሰጡኝ።

ሰኞ

ቀኑን ሙሉ መንገድ። አዲስ አበባ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። የኮንሶ ገበያ ቀን ሰው በዛ ስንል ኖረናል፤ መገናኛ ላይ ግን ገበያ ሳይኖር ያን ሁሉ ሕዝብ አየሁ፤ የሚሸጥም የሚገዛም የለውም፣ ታክሲ ነው የሚጠብቀው። ወያላው «ካራ፣ ካራ» ሲል ተጋፍቼ ገባሁ። አንዱ እግሬን ረገጠኝ። «ዓይን የለህም?» ብለው «አለኝ፣ ቦታ ነው የሌለኝ» አለኝ።

ካራ ከተማው አልቆ ሳያልቅ የሚቀርበት ዳርቻ ነው። ፎቅ ይሠራል፣ አጠገቡ ስንዴ ይታጨዳል። የአጎቴ ሚስት አስቴር፣ አክስቴ የምላት፣ እዚያ ትንሽ ሱቅ አላት። አጎቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ አልነበረም። አንገቴን ይዛ ሳመችኝና አገላብጣ አየችኝ።

«ከስተሻል።»

«ሁላችንም ከስተናል።»

«አውቃለሁ። ብዪ።»

ሽሮና ጎመን አቀረበች። የእኛን የሽፈራው ዛፍ ቅጠል የለመደ አፍ ጎመን ሣር ሣር ይለዋል፤ በላሁት። እጄን ልታጠብ ስል በጣሳ ጥቂት ውሃ አፈሰሰችልኝና «ውሃ በፈረቃ ነው፣ የኛ ቀን ሐሙስ ነው» አለችኝ። ግቢው ውስጥ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፤ አብዛኞቹ ባዶ። እናቴ ውሃ ፍለጋ ግማሽ ቀን ትሄዳለች፤ አክስቴ ደግሞ ቧንቧው ሥር ተቀምጣ ሳምንት ትጠብቃለች። ለዚህ ነው ወይ አዲስ አበባ የሚባለው አልኳት። «ዝም ብለሽ ታጠቢ» አለችኝ።

ማክሰኞ

እንጦጦ ይበርዳል። እኛ አገር ጥላ ፍለጋ ነው የሚኬደው፤ እዚያ ጥላ ውስጥ ከቆምክ ጥርስህ ይንገጫገጫል። ባሕር ዛፉ መካከል ያለው መንገድ ላይ ለመዝናናት የሚሮጡ ሰዎች አየሁ። ማንም አያባርራቸውም።

ሰናይት በር ድረስ ወጥታ ተቀበለችኝ። ቀጭን፣ ፀጉሯን በእስክርቢቶ የጠቀለለች፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ሴት ናት። «እርስዎ» ብዬ ስጀምር «አንቺ በይኝ፤ መምህራችን ጆሮ የቆነጠጡን ሁለታችንንም ነው» አለች። ከረጢቱን አየች፤ አልከፈተችውም። ኮምፒዩተሯ ላይ ቀበሌያችንን አወጣችልኝ። አረንጓዴ።

«ዛፎቻችሁስ? ሽፈራው በድርቅም አይደርቅም» አለች።

«ዛፉ ያኔም ነበረ» አልኳት። «ባለፈው ድርቅ ምን ነበርን?»

የድሮውን ፈልጋ አወጣች። ቡናማ። ዛፉ ያው፣ ድርቁ ያው፣ ካርታው ሌላ። ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

«ካሜራው እንደ ሰው ዓይን ያረጃል» አለች። «ላይ ወጥቶ የሚያየው ሐኪም የለም። ደረቅ መሬት ቀይ ብርሃን ይመልሳል፤ ቅጠል ይውጠዋል። ቀዩን የሚያየው የካሜራው ክፍል ከደከመ፣ ቀይ ያነሰበት መሬት ሁሉ ቅጠል ይመስለዋል።»

«እና ዓይኑ ታሟል።»

«እኔ እንደዚያ እጠረጥራለሁ። አለቃዬ ግን ጥርጣሬ አይቀበልም፣ ልክ ነው የሚፈልገው። ሐሙስ ረፋድ ሳተላይቷ በላያችን ታልፋለች። እሷ ከላይ፣ እኛ ከታች በብርሃን መለኪያ፣ አንድ መሬት በአንድ ሰዓት እናያለን። ልዩነቱ የካሜራው ሕመም ነው። በዚያው ቀን ከላክሁት ቅዳሜ ሳይደርስ ካርታው ይታረማል።»

«የእኛ መለኪያስ ልክ መሆኑን ማን አየ?»

ፈገግ አለች። ከመደርደሪያ ላይ ጥቁር ሳጥን አወረደች። ውስጡ የቁርስ ሰሃን የሚያህል አራት ማዕዘን ሰሌዳ አለ፤ ነጭ ነው፣ ግን ወደ ቢጫ ያደላ፣ ጠርዙ ላይ ነጠብጣብ ያለበት። የሚያርፍበትን ብርሃን ስንቱን እንደሚመልስ ውጭ አገር ተለክቶ ወረቀት ተሰጥቶታል፤ መለኪያው መጀመሪያ እሱን ያያል፣ ከዚያ መሬቱን። ቢሮው ያለው እሱ ብቻ ነው።

«ጣሳ ነዋ» አልኳት። «ገበያ ላይ እህል የሚሰፈርበት።»

«ልክ ነሽ፣ ጣሳ ነው። ስለዚህ አይነካም። በጨርቅ አይጠረግም። አቧራ ሲይዘው በዚህች ነው» ብላ አየር የምትተፋ ትንሽ የላስቲክ ኳስ አሳየችኝ።

ማታ አባቴ ደወለ። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ «ካርታው ቀለም ቀየረ?» አለኝ። «ሐሙስ» አልኩት።

ረቡዕ

ሰናይት የሚሸከምላት እጅ ፈልጋ ነበርና አብሬያት ወጣሁ። ሹፌሩ ጋሽ ደምሴ ሽበታም ናቸው፤ ስንቀጠቀጥ አይተው ጃኬታቸውን አውልቀው ሰጡኝ። «እርስዎስ?» ስላቸው «እኔ በቁጣ እሞቃለሁ፤ ይቺን መኪና የሚነዳ ሰው አይበርደውም» አሉ።

መሬቱ ከካራ በላይ ያለ፣ የተተወ የድንጋይ ካባ ነው። ወለሉ ሰፊ፣ ግራጫ፣ አንድ ሣር የማይበቅልበት። እንዲህ ዓይነት ራቁት መሬት ነው የሚፈለገው አለች። እኛ ጋ መጥታችሁ ብትለኩ መፈለግም አያስፈልጋችሁም ነበር አልኳት። ሰማዩ ስለተዘጋ አልለካንም፤ ለነገው የተበታተነውን ድንጋይ አነሳን፣ ማዕዘኖቹ ላይ ምልክት አቆምን። አቧራው ሳጥኑ ውስጥ ሳይቀር ገባ።

ስንመለስ የመኪናው ፍሪሲዮን ከአክስቴ ሱቅ ብዙም ሳንርቅ ተቃጠለ። ጋሽ ደምሴ ጎማውን በእግራቸው መቱና የሚጎትት መኪና ፍለጋ ሄዱ። አክስቴ ወጥታ አየችን፤ ሰናይትን እንደ ገዛ እህቷ እጇን ስባ አስገባቻትና ፓስታ ቀቀለችላት። ሰናይት መለኪያውን በጀርባዋ ይዛ በታክሲ ልትመለስ ሆነ። ሳጥኑን ግን በዚያ ግፊያ ውስጥ መያዝ ፈራች። ካባው ደግሞ ከእኛ ቤት በእግር የሚደረስ ነው። ብዙ አመነታች።

«ይደር። ግን እባካችሁ፣ እንዳይነካ» አለች።

«ልጆቼን አላስጠጋም» አለች አክስቴ፤ ከአልጋዋ ራስጌ አስቀመጠችው።

ሐሙስ

ሰማዩ እንደ መስታወት ነበር። ሰናይትን ልቀበል በጠዋት ወደ አስፋልቱ ወረድኩ። ጋሽ ደምሴ በተዋሱት መኪና ይዘዋት መጡ። አክስቴ ሳጥኑን በንጹሕ ነጠላ ጠቅልላ በር ላይ ጠበቀችን፤ በሁለት እጇ ሰጠችን። ፊቷ ላብ ነበረበት። ውሃ መጥቶ ኖሮ ጀሪካኖቹ ሞልተዋል።

ካባው ላይ ሰናይት ሳጥኑን ስትከፍት መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። የሳሙና ሽታ። ሰሌዳው ያበራል፤ ቢጫው የለም፣ ነጠብጣቡ የለም። እንደዚያ የነጣ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ሰናይት ጣቷን ወደ እሱ ዘርግታ ሳትነካው መለሰችው። እኔ ስልኬን አወጣሁ።

«አክስቴ፣ ሳጥኑን ነካሽው?»

«እኔ? ምን በወጣኝ። መንካትማ አልነካሁም፣ አጠብኩት እንጂ።» ደስ ያላት ድምፅ ነበር። «እንዴት ያለ እድፍ መሰለሽ። ገና ውሃው ከመምጣቱ ከሁሉ አስቀድሜ እሱን። በዱቄት ሳሙና ሁለት ጊዜ ፈተግኩት። እኔ ቤት ያደረ የሰው ዕቃ እንዲያ ሆኖ ይወጣል? ነውር አይደለም?»

«እሺ» ብዬ ዘጋሁት።

«ምን አለችሽ?» አለች ሰናይት።

«አጠበችው።»

ጋሽ ደምሴ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ለቅሶ ቤት የገቡ ይመስሉ ነበር። «ከነጣ ምን ችግር አለው?» አሉ።

«ቁምነገሩ መንጣቱ አይደለም፣ ስንት እንደነጣ መታወቁ ነው» አለች ሰናይት። «ያ ቢጫነት ሁሉ ተለክቶ ነበር። ይሄን ግን ማንም አያውቀውም።»

ሰዓቱ ደረሰ። ሳተላይቷ ስታልፍ አይታይም፣ አይሰማም። አንድ ጭልፊት ብቻ ከላያችን ይዞር ነበር። ሰናይት የመጣችበትን ሥራ ላለመተው ብቻ ይመስለኛል፣ ሰሌዳውን ለካች፣ ወለሉን ለካች፣ እንደገና ሰሌዳውን። ከሰዓት በኋላ የካሜራው ቁጥር መጣላት። መኪናው ውስጥ ተቀምጠን ኮምፒዩተሩ ላይ ከለካነው ጋር አስተያየችው፤ ከዚያ ክዳኑን ዘጋችው።

«ካሜራው ጤነኛ ነው ይላል።»

«ውሸት ነው» አልኳት።

«ጣሳው ሰፋ» አለች። «ጣሳ ሲሰፋ እህሉ ያነሰ ይመስላል። ሰሌዳው ከወረቀቱ በላይ ስለነጣ መሬቱ የጠቆረ መሰለን። ካሜራውም ዓይኑ ስለደከመ ጠቁሮ ነው ያየው። ሁለት ስህተት ተገናኝቶ ተስማማ። ይመስለኛል። መማል አልችልም።»

ስልኳ ጠራ። አለቃዋ ነበር፤ ድምፁ ለእኔም ይሰማል። «ጤነኛ? ጥሩ። ማታውኑ ላኪውና እንዝጋው» አለ። «እሺ ጌታዬ፣ አያለሁ» ብላ ዘጋች።

«ታጥቧል በያቸዋ» አልኳት።

«የት ታጠበ ይሉኛል። የቢሮውን አንድ ሰሌዳ ሰው ቤት አሳድሬ ነው የምላቸው።» መስኮቱን እያየች ነበር። «ብናገርም ባልናገርም ቅዳሜ ካርታችሁ አይቀየርም። የሚቀየረው የእኔ ሥራ ነው።»

«ጤነኛ ብለሽ ከላክሽ ግን ዳግመኛ የሚያየው የለም» አልኳት። «ለሚቀጥለውም ወቅት፣ ለዚያ ለሚቀጥለውም አረንጓዴ ነን። ሰናይት፣ እኛ አረንጓዴ ሆነን ነው የምናልቀው።»

 ጋሽ ደምሴ በመስታወቱ አዩኝ፤ ዓይናቸው «ተያት» የሚል ይመስለኛል። አልተውኳትም። እስክንወርድ ድረስ ደግሜ ደጋግሜ ነገርኳት።

ዓርብ

እንጦጦ በር ላይ ጥበቃው አላስገባኝም፤ ስሜ ተሰርዟል አለኝ። ብዙ ቆይታ ሰናይት ራሷ ወጣች። አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው መታወቂያ አልነበረም።

«ነገርኳቸው» አለች። «ጽፌም ሰጠሁ።»

«ምን አሉ?»

«ካሜራው ‹አልታወቀም› ተብሎ ተመዝግቧል። አዲስ ሰሌዳ ከውጭ እስኪመጣ ምርመራው ክፍት ይቆያል። መቼ እንደሚመጣ አላውቅም፤ የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ነው። እኔን ዕቃ ግምጃ ቤት አዛውረውኛል።»

«ለዚህኛው ዙርስ?»

«እስኪታወቅ ያለው ካርታ ነው የሚሠራው» አለች። «ለዚህኛው ዙር አረንጓዴ ናችሁ።»

 ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት «አክስትሽን እንዳትነግሪያት» አለችኝ። «ያን የሚያህል ውሃ ለማንም አታወጣም ነበር።» ጋሽ ደምሴ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር፤ ጃኬቱን መልሼ ስሰጣቸው አልተቀበሉኝም።

ማታ አባቴ ደወለ። ስልኩን አላነሳሁትም።

ቅዳሜ

አክስቴ ሱቋን ዘግታ መገናኛ ድረስ ሸኘችኝ። ወደ መናኸሪያ የሚሄደው ታክሲ እስኪሞላ በሩ ላይ ቆመን።

«ሥራችሁ ተቃና?» አለችኝ።

«ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር» አልኳት።

«ተመስገን። ያ ዕቃማ ከታጠበ በኋላ ፊት ያሳይ ነበር።» ከቦርሳዋ ሁለት ፓኬት የዱቄት ሳሙና አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች። «ለእናትሽ። ውሃ ስታገኝ ትጠቀምበታለች።»

ሳምኳት። ሳሙናውን ከረጢቱ ውስጥ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ማንም ሳይከፍተው ይዤው ከምመለሰው አፈር ጎን ከተትኩት። ወያላው «ግቢ፣ ሞልቷል» አለ። ገባሁ፤ በሩን ሳበውና ሄድን።